በሞራ የታሸ ኳስ

ለንደን፣ ዊልስደን ውስጥ ከምኖርበት ቤት ወረድ ብሎ አንድ ሥጋ ቤት አለ። ባለቤቱ የሚዛኑን ፊት ወደ ራሱ አዙሮ የሚመዝን ሰው ስለሆነ እስከ ዛሬ ከእሱ ሥጋ ገዝቼ አላውቅም፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ከደጁ ስለሆነ ግን በየቀኑ እዚያ መቆሜ አልቀረም። ባለፈው ሰሞን ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ የቆዳ ጃኬቱ የበሰበሰ ጎልማሳ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ በዚያው ቅጽበት ሥጋ ሻጩ በሩን በጀርባው ገፍቶ አንድ ሣጥን ሞራ ይዞ ወጣ፤ የእርጥብ ቆዳውና የሞራው ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የምጠብቀው አውቶቡስ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ፤ እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ሾፌሩ አይቶኝ ነበር። ትንሽ ሊጠብቀኝ ይችል ነበር፤ ግን የዚህ መስመር ሾፌሮች በነፃ ፓስ የሚሄድ ሽማግሌ ሲያዩ ምን እንደሚያስቡ እኔ አላጣሁትም።

ያ ሽታ የልጅነቴ ኳስ ሽታ ነው። በጃንሆይ ጊዜ አርሲ ውስጥ፣ ሁሩታ ከተማ ዳር በነበረ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ራሴ ነኝ፤ እንግሊዝኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ መኪና መንዳቱንም፣ የሰው ፊት ማንበቡንም ማንም አጠገቡ አስቀምጦ አላሳየኝም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤቱ ረጅም ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትከር ጣሪያው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ መስኮቱ ሥር ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ሲሞቅ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት ሽታ ያመጣል፣ ከወጥ ቤቱ ደግሞ በጋ ክረምት ሳይል የድንች ቅቅልና የትኩስ ወተት ሽታ ይወጣል፤ ምሳችንን እዚያው ነበር የምንበላው። ዳይሬክተራችን ፂመ ቀይ ፈረንጅ ነበር፤ ከአገሩ ሲመጣ አንድ የቆዳ ኳስ ይዞ መጣ። አሰላ ትልቅ ከተማ ስለሆነች የራሷ ኳስ ነበራት፤ የቀረው አካባቢ ልጅ ግን ካልሲ ውስጥ ጨርቅ እየጠቀጠቀ ነው የሚጫወተው፤ ስለዚህ የትኛውም ትምህርት ቤት እኛን ሲገጥም በእኛ ኳስ ነው የሚገጥመው።

ኳሱ ዝናብ ነክቶት ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ስፌቱም ይሰነጠቃል። ፈረንጁ መድኃኒቱ ስብ ማጠጣት ነው ብሎ አሳየን፤ ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ጨዋታ ሲኖረን ጠዋት ከወጥ ቤት አንድ ቁራጭ የበሬ ሞራ ይሰጠኝና ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ኳሱን አሻለሁ። ሥራው ለእኔ የተሰጠው ስለምታመን ነው፤ ከእኔ በፊት ይሠሩት የነበሩት ልጆች ግማሹን ሞራ ለራሳቸው ያስቀሩት እንደነበር እጠረጥራለሁ፤ ኳሱ ደረቅ ነበራ። እኔ እጅ ከገባ በኋላ ቆዳው ጠቁሮ፣ ወዝቶ፣ በእጅ ሲይዙት የሚያሟልጭ ሆነ። ሽታው ከእጄ ለሁለት ቀን አይለቅም ነበር፤ ተኝቼ መዳፌን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ እንቅልፍ እስኪወስደኝ አሸተዋለሁ፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ ብዙም አላገኘሁም።

በሜዳ ላይ ደግሞ ቴስታ የሚባለው ነገር የተፈጠረው ለእኔ ነበር። ስሜ ደስታ ሆኖ ሳለ ልጆቹ "ግንባሩ" ነበር የሚሉኝ። ኳስ ከግራ ክንፍ ሲሻማ እኔ ከሁሉም በላይ ተነሥቼ ፀሐይዋን ስጋርዳት ዛሬም ይታየኛል። በዚያ ዓመት ማንም አላሸነፈንም፤ ኢተያን አሸነፍን፣ ሲሬን አሸነፍን፣ በመጨረሻም ዴራን አራት ለአንድ አሸነፍን፤ ከአራቱ ሦስቱ የእኔ ቴስታ ናቸው። ዴራዎች አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪ ቁምጣው የገረጣ ተከላካይ ነበራቸው፤ እኔን እንዲይዝ የተመደበው እሱ ነው። ኳሱ በመጣ ቁጥር አብሮኝ ይሮጥና መዝለያው ላይ ስንደርስ አንገቱን ቀብሮ ጎንበስ ይላል፤ ግንባሬን ፈርቶ መሆኑን ሜዳው ዙሪያ የቆመው ሁሉ አይቷል። ከነሱ ውስጥ በቴስታ የደፈሩኝ ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ነበሩ፤ አንዲቷንም ግብ ያገቡት እነሱ ናቸው፤ ጎበዝ ነበሩ፣ አልክድም።

ከአሰላ ጋር ግን አልተገናኘንም። ቀን ተቆርጦ፣ ሜዳው ታጭዶ፣ ኳሱ ታሽቶ፣ መኪናቸው ተበላሸ የሚል ወሬ መጣ። ያን ጊዜም አላመንኩም፣ ዛሬም አላምንም፤ መኪናው ለገበያ ቀን ደኅና ነበር። ዋንጫው ብዙ ጨዋታ ስላሸነፉ ለአሰላዎች ተሰጠ። እኔ ያን ዕለት ባሕር ዛፉ ሥር ጋደም ብዬ ሳስብ፣ አንድ ቡድን ስንቴ አሸነፈ ብሎ መጠየቅ የሰነፍ ሥራ መሆኑ ገባኝ፤ ጥያቄው ማንን አሸነፈ ነው፣ የተሸነፈውስ ማንን አሸንፎ ነበር ነው። ዴራ በጥር ወር አሰላን እዚያው አሰላ ሄዶ አሸንፏል፤ እኛ ዴራን አሸንፈናል፤ ስለዚህ እኛ ከአሰላ እንበልጣለን። ይህን ዘዴ ያወጣሁት ፂም ሳላበቅል ነው። ከስንት ዘመን በኋላ ለንደን ውስጥ ተዘራ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር፣ አሜሪካ ያለው ወንድሙ ነግሮት፣ የአሜሪካ ኮሌጆች የኳስ ቡድኖቻቸውን የሚያወዳድሩት በዚሁ መንገድ መሆኑን አጫወተኝ፤ ማን ከማን ጋር ተጫወተ፣ የገጠማቸው ቡድኖች ምን ያህል ጠንካራ ነበሩ እያሉ በኮምፒውተር ያሰሉታል አሉ። ኳሳቸው በእጅ የሚያዝ መሆኑን ስሰማ ትንሽ አዘንኩ፤ ስሌቱ ግን የእኔ ነው። ከሁሩታ ማን ወስዶ እንደነገራቸው እስካሁን አልደረስኩበትም።

ይህን ታሪክ የማወራው ካሌዶኒያን ሮድ ላይ በነበረችው የጥሩነሽ ካፌ ውስጥ ነበር። ጥሩነሽ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም፣ ማን ምን እንደሚበላ ሳይነገራት የምታውቅ ሴት ነበረች። ዓርብ ዓርብ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ካለው የሴኩሪቲ ሥራዬ ስወጣ በቀጥታ እዚያ እሄዳለሁ፤ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ የእኛ ነው፤ ተዘራና እኔ ሁሌም እንገኛለን፤ ሌላው ይመጣል ይሄዳል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በፊት እዚያ ቤት የማይወራ ነገር አልነበረም። ከምርጫው በኋላ ግን ሰው ሲገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። በመሀላችን የእያንዳንዳችንን ስም ጽፎ ወደ አገር ቤት የሚያቀብል ሰው አለ ተባለ፤ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም ተጠርጣሪ ሆነ። የአንድ ጠረጴዛ ሰዎች ተነሥተው ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ አየር ሁኔታ ያወራ ነበር። ጥሩነሽ በመጨረሻ የፖለቲካ ወሬ ከቤቷ ከለከለች፤ የቀረልን ኳስ ብቻ ሆነ። እኔ በዚህ አልተጎዳሁም፤ የሁሩታን ዓመት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመናገር እንደዚያ የተመቸ ጊዜ አላገኘሁም።

ንጉሤ የመጣው ያን ጊዜ ነው። በእኔ ዕድሜ የሚገኝ፣ ቀጭን፣ ኮቱ ለትከሻው የሰፋው ሰው ነበር። የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ እዚያው አንድ ክፍል ሰጥቶት ነበር፤ ዘመድ የሚላት የእህቱ ልጅ ማንቸስተር ናት፤ ለንደን ውስጥ ከጥሩነሽ ካፌ በቀር የሚያውቀው በር አልነበረም። ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ሰው ሲያወራ ወንበሩን አስጠግቶ ራሱን ወደ ተናጋሪው ያዘነብላል፣ የሁሉንም ስም ደግሞ ደግሞ ይጠይቃል፣ ሳይጠየቅ የሰው ሻይ ይከፍላል። ተዘራ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አየና ስም አቀባዩ እሱ ሳይሆን አይቀርም አለ። እኔም አይቼ ነበር፤ ከሱ በፊት ነው ያየሁት።

አንድ ቀን ንጉሤ የእኔን ታሪክ ከሰማ በኋላ እሱም የዴራ ልጅ መሆኑን፣ በዚያ ዘመን ለዴራ ትምህርት ቤት መጫወቱን ተናገረ። ተዘራ ከጠረጴዛው ሥር በእግሩ ነካኝ። ሰውዬው ሲወጣ ቤቱ ውስጥ የነበርነው ተሰበሰብን፤ ዴራን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ስለሌለ ነገሩ ለእኔ ተሰጠ። ጥሩነሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች እንደነገረችኝ፣ እኔ የዴራ ሰው ነው ካልኩ ይቀመጣል፤ አይደለም ካልኩ ራሷ በር ላይ ቆማ፣ አባቴ ከእንግዲህ ሌላ ቤት ይፈልጉ ትለዋለች፤ ደንበኞቿ በሱ ምክንያት እየቀሩባት ነበር። አንድ ሽማግሌ በዚህ ከተማ ውስጥ ሰላም የሚለው ሰው ይኑረው አይኑረው በእኔ አፍ ላይ ሆነ ማለት ነው። ትክክለኛውን ሰው መርጠዋል፤ እኔ የሰው ሻንጣ ሳይከፈት ውስጡን የማውቅ ሰው ነበርኩ፤ ሂትሮው ላይ አለቆቼ ይህን መስክረዋል።

የሰው ምርመራ ደንቡ መልሱ ያለበትን ጥያቄ አለመጠየቅ ነው። ችግሩ እኔ የዚያን ዓመት ታሪክ ለብዙ ዓርብ ስላወራሁት፣ ንጉሤ የሚለኝ ነገር ሁሉ ከእኔው የሰማው ሊሆን ይችላል፤ ጎንበስ የሚለውን ተከላካይ ሳይቀር አውርቻለሁ። ስለዚህ ወጥመድ ማኖር ጀመርኩ። ሜዳችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያዘቀዝቅ ነበር አይደል አልኩት፤ የሚያዘቀዝቀው ወደ ወንዙ ነው። እንጃ፣ አላስታውስም አለኝ። የበረኛችንን ስም ጠየቅኩት፣ አያውቅም። ውጤቱን ጠየቅኩት፣ ብዙ አገባችሁብን ብቻ አለ። እነዚያን ሁለት ወንድማማቾች ስጠይቀው ግን ስማቸውን ጠራ፤ እኔ ደግሞ ስማቸውን አላውቀውም ነበርና ማረጋገጥ አልቻልኩም። በየዓርቡ ከካፌው ስወጣ ተዘራ በሩ ላይ ይይዘኝና ምን አገኙ ጋሼ ይለኛል፤ ቆይ እለዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ወደ አይደለም እያዘነበልኩ ነበር። የዴራ ሰው ሆኖ ያን ቀን የረሳ ሰው አለ ብዬ ማመን አቃተኝ።

ሁዳዴ ገባ። እኔ ሚሲዮን ያደግሁ፣ ዛሬም የወንጌል አማኝ ስለሆንኩ አልጾምም፤ ጥሩነሽ በጾም ወራት ለእኔ ብቻ የምትጠቀምበት አንድ የተለየ መጥበሻ ነበራት፤ እንቁላሌን በቅቤ ጠብሳ ታመጣልኝና ሳህኑን ከሌሎቹ ራቅ አድርጋ ታስቀምጣለች። ያን ዓርብ እኔ እንቁላሌን፣ ንጉሤ ፉሉን ይዘን ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ ተዘራ በመሀል ነበር። የመጨረሻ ምርመራዬ ነው ብዬ ስሌቴን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት፤ ስኳር ማስቀመጫውን አሰላ አልኩት፣ ጨውን ሲሬ፣ ሚጥሚጣውን ኢተያ፣ የሻይ ብርጭቆዬን ሁሩታ። ለዴራ የሚሆን ነገር ስላጣሁ በእጄ የነበረውን ቢላዋ በስኳሩና በብርጭቆው መሀል አጋደምኩትና፣ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚህች በዴራ ላይ ነው፣ እርስዎ ይያዟት ብዬ ወደሱ ገፋሁት።

ንጉሤ እጁን ሰበሰበ። ቢላዋው ቅቤና እንቁላል ነክቶታል።

"ጾም ነኝ" አለ፤ ከዚያ ቢላዋውን ትክ ብሎ አየውና ካወቅነው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ኳሳችሁም እንዲህ ነበር እኮ።"

"እንዴት ያለ?" አልኩት።

"ሞራ የሚሸት ነዋ። ምን እንደምትቀቡት እንጃ። ሁዳዴ ነው፣ ዓርብ ነው፣ እህል ሳንቀምስ በጭነት መኪና ላይ ስንናጥ መጥተናል። ያንን በግንባሬ ብመታው ከላቤ ጋር ወርዶ አፌ ሊገባ ነው። እናቴ ስትሸኘኝ ጾምህን እንዳትገድፍ ብላ አስምላኛለች። እርስዎ ይዘላሉ፣ እኔ ጎንበስ እላለሁ።"

"ጎንበስ ይል የነበረው እርስዎ ነዎት?"

"ሦስቱንም ጊዜ። ያስቆጠርናት አንዷ የወንድማማቾቹ ናት፤ እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፣ ሁዳዴ አያገባቸውም።"

ከተንጠለጠለው ነገር የቀረውን ለማዳን ብዬ፣ አሰላንስ በጥር አላሸነፋችሁም ወይ አልኩት። አሸነፍን አለ፤ የጥምቀት ማግስት ነበር፣ ሥጋችንን በልተን፣ ጠግበን ነው የሄድነው፣ ኳሱም የአሰላዎች ነበር አለ። ይህን ሲናገር ሊያሸንፈኝ ፈልጎ አልነበረም፤ ፉሉን በዳቦ እየጠረገ ነበር። የጠገበው ዴራ ሌላ፣ የተራበው ዴራ ሌላ ነው ማለት ነው፤ በሁለት የተለያየ ቡድን ላይ አንድ ድልድይ ሠርቼ ዕድሜዬን ሙሉ ስሻገርበት ኖሬያለሁ ማለት ነው። ተነሥቼ ኮቴን ሳልደርብ ወጣሁ።

ካሌዶኒያን ሮድን እስከ ድልድዩ ሄድኩበት። መጀመሪያ ያሰብኩት ሰውዬው ውሸታም ነው ብዬ ነው። ምን ማለት ነው፣ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረ ታሪክ በአንድ ቢላዋ ይፈርሳል? ተመልሼ አይደለም ማለት እችል ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም፤ ሰውዬው ይሄዳል፣ ግንባሬም እንደተከበረ ይቀራል። የልብስ ማጠቢያው ቤት መስታወት ላይ ራሴን አየሁት፤ ግንባሬ ላይ ዝናብ ነበር። ያን ጊዜ እነዚያ የዴራ ልጆች ከጭነት መኪናው ላይ ሲወርዱ መጡብኝ፤ ዱቄት የመሰለ አቧራ ፊታቸውን ለብሶታል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ወጥ ቤታችን በር ላይ ሲያልፉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይይዛሉ። እኛን ንቀው ነበር የመሰለኝ። ወተቱንና ድንቹን በልቼ ጠግቤ፣ ናቁን ብዬ ነበር በንዴት የተጫወትኩት።

ሌላም ነገር አሰብኩ፣ ይሄኛው የሴኩሪቲ ሐሳብ ነው። ከዚያ ሁሉ ዓርብ ወሬዬ ውስጥ ስለ ሞራው አንድ ቀን እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ግንባሬን ነው የማወራው፤ ኳስ ማሸት የሚወራ ነገር አይደለም። ይህን ሽታ በዚህ ከተማ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ሁለት ሆንን።

ስመለስ ንጉሤ እዚያው ተቀምጧል፣ ተዘራ እጁን አጣምሯል፣ ጥሩነሽ ከማብሰያው ጀርባ ወጥታ ቆማለች። ሰው ሁሉ ነገሩ እዚያው እንደሚያልቅ ገብቶታል፤ ንጉሤም የገባው ይመስለኛል፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር።

"ሰውዬው የዴራ ነው" አልኩ።

ተዘራ አልተዋጠለትም። "በምን አወቁ ጋሼ? እርስዎ ራስዎ ነግረውት እንደሆነስ?"

"ሞራውን ለማንም አልነገርኩም። ደግሞ ተልኮ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ልክ ነዎት፣ ከአሰላ ትበልጡ ነበር ይለኝ ነበር። እኔ መስማት የምፈልገው ይህን መሆኑን እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ ሲሰማ ከርሟል። እሱ ግን በሰው ፊት አሳፈረኝ። ሰው ሊሰልል መጥቶ የሚሰልለውን ሰው እንዲህ አያስቀይምም።"

"ታዲያ ሻምፒዮናነቱስ?" አለ ተዘራ።

"ጾመኛ ልጆች ነው ያሸነፍነው" አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ለማውጣት የፈጀብኝን ጉልበት ሌላ ሰው አይችለውም ነበር፤ እኔ ግን ቻልኩት። "ዋንጫውማ ድሮም አሰላ ነው ያለው።"

ጥሩነሽ መጥታ የእንቁላሉን ሳህንና ቢላዋውን አነሣች። "ጋሽ ደስታ፣ ዛሬ እንቁላል የለም" አለችና በምትኩ አንድ ትልቅ ሳህን ፉል በእኔና በንጉሤ መሀል አስቀመጠች። ተዘራ ጥቂት ቆይቶ ዳቦ ቆረሰ። ንጉሤ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንሥቶ ወንበሩ ላይ ሰቀለ። ራሱን ወደ ተናጋሪው የሚያዘነብለው የግራ ጆሮው ስለማይሰማ መሆኑን፣ ስም የሚደጋግመውም በዚሁ ምክንያት መሆኑን ያወቅነው ያን ዕለት ነው፤ የሰው ሻይ የሚከፍልበትን ምክንያት ግን እስከ መጨረሻው አልደረስኩበትም፤ አንዳንድ ሰው እንዲሁ ይከፍላል መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ከእርስዎ ወደ አንተ ለመውረድ ሁለት ሳምንት አልፈጀብንም። ብዙ ዓመት ተከራከርን። እኔ ስሌቴን አሻሽዬ፣ ተጋጣሚ ምን ያህል ጠንካራ ነበር ብቻ ሳይሆን ያን ቀን ምን በልቶ ነበር የሚለውን ጨመርኩበት፤ አሜሪካኖቹ እዚህ ላይ ገና አልደረሱም። በዚህም ቢሆን በልተው ቢመጡ ሁለት ለአንድ እናሸንፋቸው ነበር እላለሁ፤ ንጉሤ ሦስት ለዜሮ፣ ለዴራ፣ ይላል። እኔ ታሪኩን እያወራሁ ዴራ ላይ ስደርስ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ እኔ አቆማለሁ፤ እሱ ሞራውን ይናገራል፤ ሰው ይስቃል፤ እኔ እቀጥላለሁ። አዲስ ሰው ወደ ካፌው በመጣ ቁጥር እንዲህ ነበር።

አንድ ዓመት ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ እዚህ ዊልስደን እኔ ቤት መጣ። ዶሮውን በልተን ስንጨርስ ተነሥ አለኝ፤ ከሱቅ አንድ የላስቲክ ኳስ ገዝቶ በፌስታል ይዞ ነበር። ፓርኩ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ አጠገብ ቆምን። ኳሱን ወደ ላይ ወረወርኩለት፤ እግሩ ከሣሩ የተነሣው አንድ ጣት ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ዐይኑን ሳይጨፍን፣ አንገቱን ሳይቀብር በግንባሩ መሀል መታው። ኳሱ ሩቅ አልሄደም። "ይኸውልህ" አለ፣ ግንባሩን እየደባበሰ፣ "በልቼ ነው።" ኳሱን አንሥቼ አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም።

ንጉሤ ካረፈ ከርሟል። ተዘራ ጡረታ ወጥቶ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። ጥሩነሽ ካፌውን ለቃለች፤ አሁን እዚያ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች አሉ፤ በመስኮቱ በኩል ሳይ ጠረጴዛችን በነበረበት ቦታ የተሰበሩ ስልኮች ተደርድረዋል። እኔ ቤተ ክርስቲያን ከአገልግሎት በኋላ ሻይ ላይ ስንቀመጥ ያን ዓመት አሁንም አወራዋለሁ። የሚሰሙኝ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንዴት ያለ ቡድን ነበር ጋሼ ይላሉ፣ ከአሰላም ትበልጡ ነበር ይላሉ። ልክ ነው ብዬ እቀበላቸዋለሁ፤ ልባቸው ግን ሌላ ቦታ እንዳለ ከፊታቸው አነባለሁ። ሞራውን ራሴ ልነግራቸው ሞክሬ አይቻለሁ፤ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ነገሩ ጎንበስ ካለው ሰው አፍ ካልወጣ አይሠራም።

ሥጋ ሻጩ ያን ቀን ሣጥኑን አስቀምጦ፣ ምን ይፈልጋሉ ሽማግሌው የሚል ዐይን አሳየኝ። ምንም አልፈለግኩም። የሚቀጥለው አውቶቡስ እስኪመጣ ያን ሽታ ይዤ ቆምኩና ከኢተያ ጀምሬ ጨዋታዎቹን በልቤ አንድ በአንድ አለፍኩባቸው፤ ሲሬን አለፍኩ። ዴራ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ቆም አልኩ። የቆዳ ጃኬት የለበሰው ጎልማሳ መንገዱን ያያል። እጁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ጠበቅኩ፤ አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈርኩ።